ተመስጦ ምንድን ነው?

ሰው ጥግ ይዞ ዝም ሲል «ምን ያስተክዝሃል?» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂው ልክ ነው፤ ሰውዬው ተክዟል። አልፎ አልፎ ግን አልተከዘም፤ ተመስጧል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ዐይን ፈዝዞ፣ እጅ ጉንጭ ላይ አርፎ። ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው። የተከዘ ሰው ሐሳቡ እዚያው ራሱ ላይ ይሽከረከራል፦ የቤት ኪራዩ፣ የተጣላው ወንድሙ፣ ያኔ ሊመልስ ሲገባው ያልመለሰው ነገር። የተመሰጠ ሰው ራሱን ለጊዜው ትቶ ሌላ ነገር ውስጥ ገብቷል፤ ዜማ ይሆናል፣ ስንኝ ይሆናል፣ ወይም ከየረር ተራራ ጀርባ ብቅ የምትል ፀሐይ። ስለ ራሱ የሚገባው ነገር ካለ የሚገባው ሲመለስ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ለዚህ ቅዱስ ያሬድን ይጠቅሳል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም፣ የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ደሙ ሲፈስ ሁለቱም አልታወቃቸውም ይባላል። ስለ ዘማሪው ብዙ ተብሏል፤ እኔን የሚደንቁኝ ግን ንጉሡ ናቸው። ዜማው የእርሳቸው አልነበረም፤ ሰሚ ብቻ ነበሩ፤ እንዲያም ሆኖ የጨበጡትን ጦር ረሱት። ያው ትውፊት ሌላም ታሪክ አለው። ያሬድ ልጅ ሳለ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ሸሽቶ ዛፍ ሥር ሲያርፍ፣ አንድ ትል ግንዱን ለመውጣት ስድስቴ ወድቆ በሰባተኛው ሲሳካለት አየ። ብላቴናው እዚያ የተቀመጠው ምክር ፍለጋ አይደለም። የሚያየው ትሉን ነበር። የራሱ ነገር የገባው ከዚያ ወዲያ ነው።

የቅኔ ቤት ሰዎች ይህን ነገር ሥርዓት አበጅተውለታል። ተማሪው ቅኔ ለመቁጠር፣ ማለትም አዲስ ቅኔ ለመድረስ፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ ወንዝ ዳር ወይም ጫካ ይሄዳል፤ ብቻውን እያጉረመረመ ይመላለሳል። ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና የተባለችው አጭር ቅኔ ብዙ ሰዓት ብትወስድበት ነውር የለውም። የቆጠረውን ግን ለብቻው ይዞት አይቀርም፤ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፣ ይታረማል። ዛሬ በየስልኩ የሚዘዋወሩት የሜዲቴሽን ምክሮች ይህን ሁለተኛውን ክፍል ይዘሉታል፤ ጉድለታቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ግጥም ሰውን እንዴት አድርጎ ወደ ውስጡ እንደሚመልስ ለማየት እንጦጦ መውጣት ይበቃል። የእንጦጦ ሸንተረር ውኃ ይከፍላል። በሰሜን ወደ ሱሉልታ የወረደው ዝናብ በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባና ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በደቡብ ወደ ከተማው የወረደው በአቃቂ በኩል አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ አፋር ላይ፣ ጅቡቲ ድንበር አጠገብ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ባሕር አያይም። ይህን በጂኦግራፊ ክፍል የሰማ ሰው ጽፎት ያልፋል። አሁን ወል ቤት በሚባለው የግጥም ምት፣ ስድስት ስድስት ቀለም ቆጥረን እንሰረው፦

ካንድ ደመና ወርዶ፣ ግራና ቀኝ ፈሶ፣
አንዱ ባሕር ገባ፣ አንዱ ቀረ አንሶ።

ስለ ሰው አንዲት ቃል የለበትም። ሆኖም «አንዱ ቀረ አንሶ» ሲባል፣ ባንድ ቤት አድገው አንዱ የሞላለት ሌላው የጎደለበት ወንድማማች ፊቱ የማይደቀንበት ሰው ጥቂት ነው። ምናልባትም የጎደለበት እሱ ራሱ ይሆናል። ግጥሙ «ስለ ወንድምህ አስብ» ቢለው ኖሮ ጆሮውን ይዘጋ ነበር፤ ስለ ዝናብ ስላወራው ሳይጠነቀቅ ቀረበ። ፊት ለፊት ሲመጣ የምንመልሰውን ነገር ተመስጦ በጓሮ በር ያስገባዋል።

ሕልምም መግቢያው በዚያው ነው። በ1953 (እ.ኤ.አ.) ዩጂን አሴሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ የተኛ ሰው ዐይኑ ከቆቡ ሥር ቶሎ ቶሎ የሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ክፍል እንዳለ አሳወቁ፤ ደማቅ ሕልም የሚበዛው በዚያ ነው። ይህ ክፍል በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፤ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ይረዝማል። በዚያ ሰዓት የሚያመዛዝነውና የሚያርመው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ቀዝቀዝ ይላል፤ የስሜቱ ግን ይነቃል። ከዓመታት በፊት የሞተች አክስታችን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቡና ስታፈላ ብናያት «እንዴት ሆኖ?» የማንለው ለዚህ ነው።

እኛ ዘንድ ሕልም ሲነገር ሰሚው ቀድሞ «ለበጎ ያድርገው» ይላል፤ ሕልም እንደ ፈቺው ነውና። ደግ ልማድ ነው። እኔ ግን መፍታቱ ትንሽ ይቆየው ባይ ነኝ። «ጥርስ ወለቀ ማለት ዘመድ ይሞታል» ተብሎ ከተፈታ ሕልሙ እዚያው አለቀ፤ የሚታሰብበት ነገር አልተረፈም። ከአልጋ ሳይወርዱ ማን እንደነበር፣ የት እንደነበር፣ ምን እንደተሰማን መያዝ ይሻላል። ስልክ ከተነካ በኋላማ የለም።

ተራራና ጫካ የሚመስጡበት ምክንያት ግን ይለያል። ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳብራሩት፣ ሥራና ትራፊክ የሚጠይቁት ትኩረት ጉልበት ይጨርሳል። ደመና፣ የሚወዛወዝ ቅጠል፣ የወራጅ ውኃ ድምፅ ግን ሳያስገድዱ ይስባሉ፤ የደከመው ትኩረት በዚያ መሀል ያርፋል። አዲስ አበባ ዳር ይህ ሞልቷል። ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ብቻውን 705 ሄክታር ነው። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጥንታዊ ይምሰል እንጂ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። ምረጥ ከተባልኩ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን መናገሻ ሱባን እመርጣለሁ። የጽድ ዛፉን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ነጩ ፀጉሩ ከጀርባው እንደ ካባ ይዘረጋል፤ ያን እያየ የባንክ ዕዳውን የሚያሰላ ሰው አላጋጠመኝም። ሩቅ መሄድ ያልቻለ ቦሌ አራብሳ ሰገነቱ ላይ ቆሞ የረርን ይመልከት።

ሳይነሣ የማይታለፍ ነገር አለ። በዚያው በእንጦጦ መንገድ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ እናቶች አሉ። ለእነሱ ዳገቱ መልክዓ ምድር አይደለም፤ የወገብ ሕመም ነው። ሸክም የሌለባት ሰዓት ለሁሉም እኩል አልታደለችም። ሆኖም ከአማርኛ ቃል ግጥም ጥቂት የማይባለው የተገጠመው በእረፍት ሰዓት ሳይሆን በወፍጮ ላይ፣ በአጨዳ፣ ልጅ በማባበል ነው፤ እጅ ሥራውን ከለመደ አፍና ሐሳብ ነፃ ይወጣሉ። ስለዚህ «ጊዜ የለኝም» የሚል ሰው አያት ሰፈር የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ባንድ ስንኝ መጀመር ይችላል። ሁለተኛው ቤት እምቢ ካለው ሰልፉ ነገም እዚያው አለ።