ኮሮና፣ የአሜሪካ ኮሌጆችና የሲቪል መብት

እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የአሜሪካ ኮሌጆች በጥቂት ቀናት ውስጥ ግቢያቸውን ዘግተው ዙም ላይ ወጡ። የሲቪል መብት ሕጎቹ ግን አልተዘጉም። ታይትል ሲክስ የተባለው ሕግ በዘርና በትውልድ አገር፣ ታይትል ናይን የተባለው በጾታ፣ የ1973ቱ ሕግ አንቀጽ 504 ደግሞ በአካል ጉዳት ምክንያት ማግለልን ይከለክላሉ።

የትምህርት ሚኒስቴሩ የሲቪል መብቶች ቢሮ ማርች 4 ላይ ባወጣው ደብዳቤ፣ የእስያ ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች በቫይረሱ ሰበብ እንዳይንገላቱ አሳስቦ ነበር።

ከሁሉ ቀድሞ የተቸገረው አካል ጉዳተኛው ነው። መምህሩ ካሜራውን ካጠፋ ከንፈር እያየ የሚከታተል ተማሪ ባዶውን ይቀራል። ስላይዱ ፎቶ ብቻ ከሆነ ለዓይነ ስውር የሚያነበው ሶፍትዌር ዝም ይላል። ሃርቫርድና ኤምአይቲ የተባሉት ዩኒቨርሲቲዎች ቪዲዮዎቻቸው ላይ ንግግሩ በጽሑፍ (ካፕሽን) በአግባቡ አይወጣም ተብለው በ2015 ተከሰው የተስማሙት ወረርሽኙ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነበር።

የክትባት ግዴታንም የተቃወሙ ነበሩ። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲን የከሰሱት ተማሪዎች በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው አልተሳካላቸውም።

ትልቁ ግርግር የመጣው ጁላይ 6 ቀን 2020 ነው። በወትሮው ሕግ ኤፍ-1 የተባለው የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው ለሙሉ ጊዜ ትምህርቱ የሚቆጠርለት የኦንላይን ኮርስ በሴሚስተር አንድ ብቻ ነው። በማርች ይህ ላላ ተደርጎ ነበር። የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪው መሥሪያ ቤት አይስ (ICE) ግን በዚያ ቀን ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሆነ የውጭ ተማሪ ወይ ይዛወር ወይ ከአገር ይውጣ አለ። ኮሌጆችን አስገድዶ ግቢ ለማስከፈት ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ነገሩ ይብሳል፤ በዚያ ሳምንት አገር ቤት ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ታዲያ ሄዶ በምን ይማር?

ሃርቫርድና ኤምአይቲ በሁለተኛው ቀን ቦስተን ላይ ክስ መሠረቱ፤ ሊመሰገኑ ይገባል። 17 ግዛቶችና ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲም የራሳቸውን ክስ አቀረቡ። ጁላይ 14 የሃርቫርድና የኤምአይቲን ክስ የያዙት ዳኛ አሊሰን ቡሮውስ በችሎቱ ላይ መንግሥት መመሪያውን ማንሳቱን አሳወቁ። ችሎቱ አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

አዲስ ገቢ የውጭ ተማሪዎች ግን አልተረፉም። ትምህርታቸው ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ከሆነ አሜሪካ እንዳይገቡ በዚያው ወር መጨረሻ ተነገራቸው። አዲስ አበባ ለቀረ ተማሪ፣ ቦስተን ከቀኑ 8 ሰዓት የሚጀምር ክፍል ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ያውም መብራትና ኔትወርክ ካለ።