ባሌ፦ ከሳነቴ ደጋ እስከ ድሬ ሼህ ሁሴን

ባሌን ለመጎብኘት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ተራራውንና ቀይ ቀበሮውን ነው። ሳነቴ ላይ ይወጣል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ በማግሥቱ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ጉብኝት ግን ግማሹን አገር ሳያዩ መመለስ ነው። የባሌ ደጋ፣ ጫካ፣ ዋሻና የዚያራ (የመንፈሳዊ ጉብኝት) ቦታ የአንድ አገር ክፍሎች ስለሆኑ በአንድ ጉዞ ቢታዩ አንዱ ሌላውን ያስረዳል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ተቋቁሞ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። ጽሕፈት ቤቱ የሚገኘው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዲንሾ ነው። ጎብኚ ብዙ ሳይደክም የደጋ አጋዘንን የሚያየው እዚሁ፣ በኮሶና በጽድ ዛፎች መካከል ወይም በአቅራቢያው ባለው የገይሳይ ሜዳ ላይ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር አይኖርም። የምኒልክ ድኩላና ከርከሮም በዚያው ይታያሉ።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የአስታውን ቁጥቋጦ አልፎ ሳነቴ ላይ ያወጣል። ሳነቴ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ጅባራ የበቀለበትና ትናንሽ ኩሬዎች የተበተኑበት ሰፊ ሜዳ ነው። ከዚያ በላይ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ሜዳው ባዶ መስሎ ቢታይም ከመሬቱ ሥር ግዙፉ ፍልፈል ይኖራል። ከባሌ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው ይህ እንስሳ የቀይ ቀበሮው ዋና ምግብ ነው። ቀይ ቀበሮ በቡድን ይኖራል፤ አደን የሚወጣው ግን ለየብቻው ነው፤ አድፍጦ ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ እስኪል ይጠብቃል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ነው። ትልቁ ሥጋታቸው ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በተደጋጋሚ እየተነሣ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ስለዚህ ውሻ ይዞ ወደ ፓርኩ መግባት፣ ለቀበሮዎቹ ምግብ መወርወር ወይም በሳነቴ መንገድ ላይ መኪና ማክነፍ ይቅር የማይባል ጥፋት ነው።

በፓርኩ ውስጥ ያለው የፊንጫ ሀበራ የዋሻ መጠለያ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነ ጥናት መሠረት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች በዚህ ስፍራ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ይኖሩ ነበር። በዚያን ዘመን የተራራው አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። ሰዎቹ ከ4,200 ሜትር በላይ እየወጡ ለመሣሪያቸው የሚሆን ባልጩት ያወርዱ ነበር፤ ምግባቸውም ያው ግዙፉ ፍልፈል ነበር፤ የተቃጠለ አጥንቱ በምድጃቸው ተገኝቷል። የባሌ ተራራ የዱር እንስሳት መኖሪያ ብቻ ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

መንገዱ ከሳነቴ ወደ ደቡብ ሲወርድ የሐረና ጫካ ይጀምራል። ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደተጓዙ ብርዱ ለቆ ሙቀትና ጭጋግ ይተካል፣ ዛፎቹ ከቅርንጫፎቻቸው የሚንጠለጠል ግራጫ የዛፍ ሽበት ይለብሳሉ፣ ቀጥሎም ቀርከሃው ይመጣል። የባሌ ጦጣ በአብዛኛው የሚመገበው የዚህን ቀርከሃ ቅጠል ነው። አንበሳም በጫካው ይኖራል። ዝቅ ሲሉ ሰው ሳይተክለው የበቀለ የጫካ ቡና ይገኛል፤ ረጃጅም ዛፎች ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎች ደግሞ የነዋሪዎቹ ሀብት ናቸው።

ከተራሮቹ ከሚነሡት ወንዞች አንዱ የሆነው ዌብ፣ ከሮቤ በጎሮ በኩል ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ በሶፍ ዑመር እንደገና ይገኛል። ወንዙ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ከመሬት በታች ይገባል፤ የፈጠረው ዋሻም 15 ኪሎ ሜትር ያህል መተላለፊያዎች አሉት፤ በኢትዮጵያም በርዝመቱ ቀዳሚ ነው። የአምዶች አዳራሽ በሚባለው ክፍል ውሃ የጠረባቸው ምሰሶዎች ጣሪያውን ተሸክመው ቆመዋል፤ በባሌ ካለው ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ይህ ነው። ዋሻው ስሙን ያገኘው ለጸሎት ተጠልለውበት እንደነበር ከሚነገርላቸው ከሼህ ሶፍ ዑመር ሲሆን እስከ ዛሬም እንደ ቅዱስ ስፍራ ይከበራል። ወደ ውስጥ መዝለቅ የሚቻለው ወንዙን በእግር እየተሻገሩ ስለሆነ የአካባቢው አስጎብኚና ጥሩ መብራት የግድ ያስፈልጋሉ። ወንዙ በሞላበት ወቅት መግባት ለሕይወት አደገኛ ነው።

ድሬ ሼህ ሁሴን ከሮቤ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በዋቤ ሸበሌ ሸለቆ አቅራቢያ ይገኛል። በባሌ እስልምናን እንዳስፋፉ የሚነገርላቸው የሼህ ኑር ሁሴን ቁባ (መካነ መቃብር) ያለው እዚህ ነው። በነጭ ቀለም የተቀቡት ሕንፃዎች ከሩቅ ይታያሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በተለይም በአረፋ ሰሞን፣ ጫፉ መንታ የሆነ በትር የያዙ ምዕመናን ከሩቅ አገር ጭምር እየተጓዙ ይሰበሰባሉ፤ ብዙዎቹም በእግራቸው ነው የሚመጡት። ሼሁን የሚያወድሱ ዜማዎች በኦሮምኛ ይዜማሉ። በእነዚህ ቀናት የሚሄድ እንግዳ ስፍራው የጸሎት ቦታ መሆኑን አስቦ ልብሱን ሊያስተካክል፣ ወደ ቁባው ሲገባ ጫማውን ሊያወልቅ፣ ፎቶግራፍ ከማንሣቱ በፊትም ሊያስፈቅድ ይገባዋል።

ለጉዞው የሚመቹት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ደረቅ ወራት ናቸው። በእነዚህ ወራት በሳነቴ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። ከቆላ የሚመጣ ሰው ከፍታው ራስ ምታት ሊያስነሣበት ስለሚችል መጀመሪያ ዲንሾ ወይም ጎባ ላይ ቢያድር ይሻለዋል። ወደ ፓርኩ የሚገባበትን ፈቃድና አብሮት የሚሄደውን ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) የሚያገኘው ዲንሾ ካለው ጽሕፈት ቤት ነው።