«ብሮድካስት» ከማሳ የወጣ ቃል

«ለተመረጡ ደንበኞቻችን ብቻ ብሮድካስት ተደርጓል።» እንዲህ ያለ መልእክት ስልክዎ ላይ ገብቶ ያውቅ ይሆናል። ቃሉን ይዘውት የኖሩት የእንግሊዝ ገበሬዎች ቢሰሙት ግራ ይገባቸው ነበር። ተመርጦ ብሮድካስት የለም። መርጦ የሚዘራ ሰው ሌላ መሣሪያ፣ ሌላም ስም አለው።

«ብሮድ» ሰፊ፣ «ካስት» መወርወር ነው። የፊልም ተዋንያን ዝርዝርም «ካስት» ስለሚባል ነገሩን ከትወና ጋር የሚያያይዙት አሉ፤ እዚህ ግን ካስት የክንድ ሥራ ነው። ቃሉ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ ሲታይ ሬዲዮ ቀርቶ ኤሌክትሪክ እንኳ ከቤት አልገባም። የሚወራው ስለ ዘር ነበር፤ እየዘገኑ ማሳው ላይ መበተን።

የእንግሊዙ ዘሪ ከጎኑ ጋር እንዲገጥም እንደ ኩላሊት ጎበጥ ያለ ሣጥን ወይም ቅርጫት በማንገቻ ያንጠለጥላል። እርምጃውና እጁ አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ እግር ሲነሳ ይዘግናል፣ ሌላው ሲያርፍ ይወረውራል። እርምጃው ከተዛባ አበታተኑም ይዛባል። ለአንድ ኤከር ስንዴ (0.4 ሄክታር ገደማ) ከ2 እስከ 3 ቡሼል ይፈጅ ነበር፤ አንድ ቡሼል ስንዴ 27 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ወፍ ሳይለቅመውም በፈረስ የሚጎተት ባለጥርስ መከስከሻ ከኋላ እየተከተለ አፈር ያለብሰዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አንድ የሚያስቅ መሣሪያ መጣ። ዘሩ ከከረጢት ወደ ዝርግ ሳህን ይወርዳል፤ ሳህኑን የሚያሽከረክረው ወዲያና ወዲህ የሚሳብ ባለጠፍር ደጋን ነው። ከሩቅ ሲያዩት ሰውዬው ማሳ መሀል ማሲንቆ እየገዘገዘ የሚሄድ ይመስላል።

ለእኛ አንባቢ ብተናው እንግዳ አይደለም። ጤፍ ዛሬም በአብዛኛው የሚዘራው እንዲሁ ነው፤ ከእህል ሁሉ ለብተና አስቸጋሪውም እሱ ነው። አንድ ግራም ጤፍ ከ2500 የማያንስ ፍሬ ይይዛል። ለሄክታር 25 ኪሎ ይዘራ ሲባል በአንድ ካሬ ሜትር 2.5 ግራም፣ ማለትም ከ6000 በላይ ፍሬ ይወድቃል ማለት ነው። ስለዚህ ማሳው ደጋግሞ ታርሶ ከለሰለሰ በኋላ በከብት ይረገጣል። ያልተረገጠ አፈር ላይ የተበተነ ጤፍ በጓል መሀል እየሾለከ ይቀበራል፤ ጥልቅ ከገባ ደግሞ ቀጭኗ ቡቃያ አፈሩን ሰንጥቃ መውጣት ይሳናታል። የተረገጠው መሬት ዘሩን ከላይ ይይዘዋል። ስንዴና ገብስ ከተበተኑ በኋላ በማረሻ አፈር ይለብሳሉ፤ ጤፍ ላይ ግን ማረሻ አይመለስም፣ ቢበዛ ቅርንጫፍ ይጎተትበታል።

ክንድ ከጎን ወደ ጎን ሲወነጨፍ ጣቶች ቀስ በቀስ መከፈት አለባቸው። ጭብጡ አንድ ጊዜ ከተከፈተ ዘሩ ተከምሮ ይወድቅና እዚያ ቦታ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል። ጥቅጥቅ ያለ ጤፍ አገዳው ይቀጥናል፣ ዛላው ሲከብድ ይጋሽባል፤ የጋሸበ ጤፍ ምርቱ ይቀንሳል፣ አጫጁንም ያንገላታል። በሳሳው በኩል አረም ቦታ ያገኛል። መድኃኒቱ ዘሩን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በማሳው ቁመት፣ ግማሹን በወርዱ መበተን ነው፤ የመጀመሪያው ዙር የዘለለውን ሁለተኛው ይሸፍነዋል። ደረቅ አሸዋ መቀላቀልም እጅን ያግዛል፣ የሚዘገነው መጠን ስለሚበዛ። ነፋስ ካለ መጠበቅ ይሻላል፤ አለዚያ የተዘራው ለጎረቤት ነው።

እንዲህ ተጠንቅቀው ቢበትኑም እያንዳንዷ ፍሬ የት እንደምታርፍ ዘሪው አይወስንም። ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ «ዘሪ ሊዘራ ወጣ» ተብሎ ዘሩ መንገድ ዳር፣ ጭንጫ ላይ፣ እሾህ መሀል ሲወድቅ ሰውዬው ዝርክርክ ስለሆነ አይደለም። ብተና ስለሆነ ነው። በመስመር ቢዘራ ኖሮ ምሳሌው ራሱ ባልተነገረ።

አሁን የራሴን ግምት ልጣል። እ.ኤ.አ. በ1701 ገደማ ጄትሮ ተል የተባለ እንግሊዛዊ በፈረስ እየተጎተተ በመስመር የሚዘራ መሣሪያ ሠራ። ከዚያ በፊት የአገሩ ገበሬ «በትኜ ዘራሁ» የሚልበት ምክንያት አልነበረውም፤ «ዘራሁ» ካለ ይበቃዋል። ተቀናቃኝ ሲመጣ ግን ነባሩ ሥራ መለያ ስም አስፈለገው፣ ብሮድካስትም በዚያ በር ገባ ባይ ነኝ። ሞባይል ሳይመጣ «የመስመር ስልክ» የሚል ማን ነበር? እኛም አገር ጤፍን 20 ሴንቲ ሜትር እያራራቁ በመስመር የመዝራት ዘመቻ ሲመጣ ነው የግብርና ባለሙያው አፍ «በብተና መዝራት» የሚለውን የለመደው። ገበሬው አሁንም «ዘራሁ» ነው የሚለው።

ከማሳ ወደ አየር የተሻገረበት መንገድም ይህንኑ ይመስላል። የገመድ አልባ መልእክት መጀመሪያ ከመርከብ ወደ ወደብ፣ ከአንድ ላኪ ወደ አንድ ተቀባይ የሚሄድ ነበር። መሣሪያ ያለው ሁሉ ጆሮውን ጣል ማድረጉ እንደ ጉድለት ይቆጠር ነበር፤ ምሥጢር አይጠበቅማ። ኋላ ላይ ጉድለቱ ራሱ ሥራ ሆነ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1920 በፒትስበርግ ኬዲኬኤ የተባለው ጣቢያ የአሜሪካን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ለሰማ ሁሉ አስተላለፈ። በ1922 ቢቢሲ ሲቋቋም ቃሉን በስሙ መሀል ይዞ ተነሳ።

አማርኛ «ስርጭት»ን መምረጡ ብልህነት ነው። በቀጥታ ቢተረጎም «ብተና» ይሆን ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን የሚበተነው ሰልፍ፣ ስብሰባ፣ ከባሰም ቤተሰብ ነው። «የኢትዮጵያ ብተና ኮርፖሬሽን» ብሎ ዜና የሚከፍት ጣቢያ ማን ያምነዋል?

ቃሉን በጥንት ፍቺው አጥብቀው የያዙት፣ ማን ይገምታል፣ የኮምፒውተር ኔትወርክ ባለሙያዎች ናቸው። 255.255.255.255 ወደሚባለው የመረብ አድራሻ የተላከ መልእክት በዚያ የውስጥ መረብ ላሉት መሣሪያዎች ሁሉ ይደርሳል፤ ያ ብሮድካስት ነው። ለአንድ ብቻ ከሆነ ዩኒካስት፣ ለተወሰነ ቡድን ከሆነ መልቲካስት ይሉታል። አይቀላቅሉም፤ ከቀላቀሉ መረቡ ይጨናነቃል።

በዋትስአፕ «ብሮድካስት ሊስት» ላይ ግን ከ256 የማይበልጡ ሰዎች በስም ይመረጣሉ፤ የላኪውን ቁጥር ስልኩ ላይ ያልመዘገበ ሰው ደግሞ መልእክቱ አይደርሰውም። ይህ ፍሬ እየቆጠሩ በመስመር መዝራት ነው። መተግበሪያው በእንግሊዝኛ ስሙን ቢያበላሽ እኛ ምን ዕዳ አለብን? «ለደንበኞቻችን ልከናል» ማለት ይበቃል፣ ከ«ብሮድካስት ተደርጓል»ም ያጥራል።