ስለ ኑክሌርና ስለ ናፍጣ ሰርጓጅ መርከቦች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1996 የፈረሰውን ባሕር ኃይሏን በ2018 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዳግም ለማቋቋም ከወሰነች ወዲህ፣ በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸዋ ሮቢት ቡና እየተጠጣ ስለ ጦር መርከብ ሲወራ መስማት እንግዳ አይደለም። ሰሜን ሸዋ ከባሕር ይራቅ እንጂ ለባሕር ንግድ ባዳ ሆኖ አያውቅም፤ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፈው ከአንኮበር ግርጌ ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ ነበር። ወሬው ወደ ሰርጓጅ መርከብ ሲሻገር ግን «ኑክሌር ካልሆነ ምን ዋጋ አለው?» የሚል አስተያየት ይበዛል። የአንድን አካባቢ ባሕር ብቻ ለሚጠብቅ ባሕር ኃይል ምርጫውን የሚወስኑት የባሕሩ ጥልቀት፣ የሚጓዘው ርቀትና ያለው ባለሙያ እንጂ የስሙ ግርማ ስላልሆነ፣ አስተያየቱ የቆመባቸውን ግምቶች በየተራ መመርመር ያስፈልጋል።

«ኑክሌር ሰርጓጅ ማለት የኑክሌር ቦምብ የታጠቀ ማለት ነው»

አይደለም። ስያሜው የሚናገረው መርከቡ በምን ኃይል እንደሚንቀሳቀስ ነው፤ የአቶም ኃይል የሚመነጭበት ሪአክተር ሙቀት ይሰጣል፣ ሙቀቱ ውኃን ወደ እንፋሎት ይለውጣል፣ እንፋሎቱም ተርባይን ያሽከረክራል። የእንግሊዝ አስቲዩት መርከቦች በኑክሌር ኃይል ይሄዳሉ፤ የታጠቁት ግን መደበኛ ቶርፔዶ (በውኃ ውስጥ የሚተኮስ ፈንጂ) እና ሚሳይል ነው። በተቃራኒው በጥቅምት 1962 ወደ ኩባ የተላኩት አራት የሶቪየት ሰርጓጆች የናፍጣ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው አንድ የኑክሌር ቶርፔዶ ይዘው ነበር።

«የናፍጣ ሰርጓጅ ጊዜው ያለፈበት ነው»

የናፍጣ ሞተር አየር ይፈልጋል፣ ጢስም ያወጣል። በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ የከባድ መኪና ጢስ ታፍኖ ሲቆይ ያየ ሰው፣ ይህ ሞተር በተዘጋ የመርከብ ሆድ ውስጥ በውኃ ሥር ሊሠራ የማይችልበትን ምክንያት ለመረዳት አይቸገርም። ስለዚህ መርከቡ ወደ ውኃው ገጽ ተጠግቶ የአየር መሳቢያ ቱቦውን ብቻ ያወጣል፤ ናፍጣው ጄነሬተር እያሽከረከረ ባትሪውን ይሞላል፤ ከጠለቀ በኋላ የሚነዳው በባትሪው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ቱቦው ከውኃ በላይ የሚቆይባቸው ሰዓታት በራዳር ሊታይ የሚችልባቸው በመሆናቸው እውነተኛ ድክመቱ እነርሱ ናቸው።

ይህን ድክመት ለማጥበብ የተሠራው ሥራ ግን ብዙ ነው። የስዊድን ጎትላንድ መርከቦች ፈሳሽ ኦክስጅን ይዘው የውጭ አየር በማያስፈልገው በስተርሊንግ ሞተር ለሁለት ሳምንት ገደማ በዝግታ ጠልቀው ይቆያሉ። ሃይድሮጅንና ኦክስጅንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ ያላት የጀርመኗ ዩ-32 በ2013 የአየር ቱቦዋን ሳታወጣ 18 ቀን ተጉዛለች። ጃፓን ደግሞ በ2020 ኦርዩ የተባለችውን መርከብ በሊቲየም ባትሪ ሥራ ላይ አውላለች። የአውሮፓና የእስያ መርከብ ሠሪዎች ይህን ያህል የሚደክሙበትን ነገር ጊዜው ያለፈበት ማለት ተገቢ አይመስለኝም።

«ኑክሌሩ ድምፅ አልባ ስለሆነ አይገኝም»

በጣም የተስፋፋውም፣ በጣም የተሳሳተውም ይህ ነው። ሰርጓጅ በውኃ ውስጥ የሚፈለገው በዋናነት በድምፅ ነው። ሪአክተር እንደ ሞተር በፈለጉ ጊዜ ወዲያው የሚጠፋና የሚነሣ አይደለም፤ ማቀዝቀዣ ውኃው መዘዋወር፣ ተርባይኑም መሽከርከር አለበት። አዳዲሶቹ መርከቦች ይህን ድምፅ እጅግ ቀንሰውታል፤ አንዳንዶቹም በዝግታ ሲሄዱ ውኃው ያለ ፓምፕ በራሱ እንዲዘዋወር ያደርጋሉ። ሆኖም በባትሪ ብቻ በዝግታ የምትሄድ መርከብ ከነዚህ መሣሪያዎች አንዱም ስለሌላት እርሷን መስማት ከባድ ነው። አሜሪካ ጎትላንድን ከ2005 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ወደ ሳን ዲዬጎ ወስዳ የተለማመደችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በልምምዱም ጎትላንድ የአውሮፕላን ተሸካሚዋን የሮናልድ ሬገንን ጥበቃ አልፋ ለማጥቃት ወደሚያስችል ርቀት ደርሳለች።

የኑክሌሩ ትክክለኛ ብልጫ ፍጥነትና ርቀት ነው። በውኃ ውስጥ ፍጥነትን በእጥፍ ለመጨመር ስምንት እጥፍ ገደማ ኃይል ያስፈልጋል፤ በዝግታ ለቀናት የሚያገለግል ባትሪም በሙሉ ፍጥነት ከተነዳ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ኑክሌሩ ይህ ሥጋት የለበትም፤ የጉዞውን ጊዜ የሚወስነው የሠራተኛው ስንቅ ነው። እንግሊዝና አርጀንቲና በ1982 ባደረጉት የፎክላንድ ጦርነት የሁለቱም ባሕርይ በአንድ ባሕር ላይ ታይቷል። የእንግሊዟ ኑክሌር ሰርጓጅ ኮንከረር ከአገሯ 13 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ ባሕር ላይ የአርጀንቲናን የጦር መርከብ ጄኔራል ቤልግራኖን አሰጠመች፤ 323 አርጀንቲናውያን ሞቱ፤ የአርጀንቲና የጦር መርከቦችም ወደ ጠረፋቸው ተመለሱ። አርጀንቲና በበኩሏ በቤቷ ባሕር አካባቢ ያሰማራቻት ሳን ሉዊስ የተባለች ትንሽ የናፍጣ ሰርጓጅ ነበረች። ቶርፔዶዎቿ ዒላማቸውን ባይመቱም፣ እንግሊዞች በተጠረጠረ ድምፅ ሁሉ ላይ ብዙ ጥይት አፍስሰው ሊያገኟት አልቻሉም። የናፍጣ ሰርጓጅ ማጥቃት አይችልም ለሚል ሰው ደግሞ የፓኪስታኗ ሃንጎር ማስረጃ ናት፤ በታኅሣሥ 1971 የሕንዷን የጦር መርከብ ኩክሪን አሰጥማለች።

እንግዲህ ጥያቄው የትኛውን ባሕር እንጠብቃለን የሚለው ነው። ቀይ ባሕር በመካከሉ እጅግ ጥልቅ ቢሆንም ደቡባዊ ዳርቻው፣ በተለይ የዳህላክ ደሴቶች አካባቢ፣ የተንጣለለ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው፤ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ያለው ከውኃ በታች ያለ ደፍም 137 ሜትር ገደማ ብቻ ይጠልቃል። ባብ ኤል መንደብ ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ባለ ቦታ 7 ሺህ 800 ቶን ገደማ የምትመዝን የአሜሪካ ኑክሌር ሰርጓጅ ቨርጂኒያ እንደ ልቧ መዞር ይከብዳታል፤ 1,500 ቶን የማትሞላ መርከብ ግን ትመቻለች። ግብፅ ከ2016 እስከ 2021 ከጀርመን የተረከበቻቸው አራት ታይፕ 209 ሰርጓጆችም የናፍጣ ናቸው።

«የኑክሌሩ አደጋ ሪአክተሩ ነው፤ ናፍጣው ግን ሥጋት የለበትም»

የሪአክተር አደጋ ደርሷል፤ በ1961 በሶቪየቷ ኬ-19 ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ፣ ጥገናውን የሠሩት ስምንት መርከበኞች በጨረር ሞተዋል። ነገር ግን በ2000 ከነ118 ሰዎቿ የሰጠመችውን የሩሲያ ኑክሌር ሰርጓጅ ኩርስክን ያጠፋት የቶርፔዶ ፍንዳታ ነው። በናፍጣው በኩል የአርጀንቲናዋ ሳን ሁዋን በ2017 ከ44 ሰዎች ጋር ጠፍታለች፤ የመጨረሻ መልእክቷ በአየር መሳቢያው የገባ የባሕር ውኃ በባትሪው ላይ እሳት ማስነሣቱን የሚገልጽ ነበር። በ2021 የኢንዶኔዥያዋ ናንጋላ 53 ሰው ይዛ ሰጥማለች። በሁለቱም ዓይነት የሰው ሕይወት የሚጠበቀው በጥገናና በሥልጠና ነው።

«ገንዘብ ካለ ኑክሌሩም ይገዛል»

እስካሁን በራሳቸው ኑክሌር ሰርጓጅ የሚንቀሳቀሱት አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ቻይናና ሕንድ ብቻ ናቸው። ሕንድ የራሷን ኑክሌር ሰርጓጅ አሪሃንትን በ2016 ሥራ ላይ ከማዋሏ በፊት መርከብ ከሶቪየት ኅብረትና ከሩሲያ ተከራይታ ሰዎቿን አሠልጥናለች። በናፍጣ ሰርጓጅ የአሥርት ዓመታት ልምድ ያላት አውስትራሊያ በ2021 የፈረንሳዩን የናፍጣ መርከቦች ውል ሰርዛ ወደ ኑክሌር ስትዞር፣ የዕቅዱ ወጪ ከ268 እስከ 368 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተገምቷል፤ መርከበኞቿም በአሜሪካ የኑክሌር ትምህርት ቤቶች እየሠለጠኑ ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አንድም ሰርጓጅ ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ በደብረ ብርሃን ምሕንድስና የሚማር ወጣት ወደዚህ መስክ ቢገባ መጀመሪያ የሚጠበቅበት ባትሪን፣ በድምፅ የሚፈልገውን ሶናርንና የብየዳ ጥራትን ጠንቅቆ ማወቅ ነው፤ በዚያ ላይም አንዷ መርከብ ባሕር ላይ ስትሆን አንዷ በሥልጠና፣ አንዷ በጥገና ላይ ስለምትሆን ከአንድ በላይ መርከብ ያስፈልጋል። የኑክሌሩ ወጪ ደግሞ መርከቡ ሲያረጅም አያበቃም፤ የእንግሊዝ የመጀመሪያዋ ኑክሌር ሰርጓጅ ድሬድኖት በ1980 ከአገልግሎት ወጥታ፣ ከ40 ዓመት በኋላም ሳትበተን በሮሳይዝ ወደብ በጥበቃ ሥር ቆማ ነበር።