ስለ ወረርሽኝ ጊዜ ነርሶች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር አዳማም ወሬው ጦፈ። ስለ ነርሶች የተወራው ግን ብዙው ልክ አልነበረም፤ ዛሬም ይደገማል።

«ሰው ትንፋሹ ቆሞ እያዩ ጋዋን ይለብሳሉ»

ከሁሉም የከበደው ሐሜት ይሄ ነው። እናቱ ስትዳከም በር ላይ ሆኖ የሚያይ ልጅ፣ ነርሷ መጀመሪያ ጓንትና ማስክ ስታጠልቅ ቢናደድ አይፈረድበትም። ግን ትንፋሹ የቆመን ሰው ለማትረፍ ደረቱን ሲጫኑ ቫይረሱ ከሕመምተኛው ሳንባ ወደ አየር ሊወጣ ይችላል። የዚያን ጊዜ መመሪያዎችም «መጀመሪያ ራስህን ሸፍን፣ ከዚያ ጀምር» ይሉ ነበር። ነርሷ ከተያዘች በዚያ ሌሊት የምትከታተላቸው ሌሎች ሕመምተኞች ሰው ያጣሉ፤ ሳታውቅም ልታስይዛቸው ትችላለች። ያም ሆኖ ትክክል መሆኗን ማወቋ እንቅልፍ አይሰጣትም። እነዚያ ሰከንዶች ለእሷም ረጅም ናቸው።

«ኦክስጅን ቀድሞ ለመጣ ነው»

ወረፋ ለዳቦ ይሠራል። ኦክስጅን ወይም የመተንፈሻ ማሽን ሲያጥር የሚታየው ለማን ይበልጥ እንደሚያስፈልግና ማን ሊተርፍበት እንደሚችል ነው። ገንዘብና ዘመድ መግባት የለባቸውም። (ስልክ ደውሎ የሚጨቀጭቅ ባለሥልጣን አይጠፋም፤ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።) ውሳኔውንም ነርሷ ብቻዋን ልትሸከመው አይገባም፤ ከሐኪሞቹ ጋር የሚወሰን ነው። ለአስታማሚው የምትነግረው ግን ብዙ ጊዜ እሷ ናት። ስድቡም እሷ ላይ ያርፋል።

«ጎረቤት የማወቅ መብት አለው»

አዳማ የጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ያኔ የከባድ መኪና ሾፌር ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። «ሲስተር፣ የእኛ ሰፈሩ ልጅ ተይዟል እንዴ?» ተብላ ብትጠየቅ መልሷ ዝምታ ነው። ውጤቱን ለጤና መሥሪያ ቤቶች ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ንክኪ ያላቸውን የሚፈልጉት እነሱ ናቸው። ለሰፈር መንገር ግን ሌላ ነገር ነው። የአንዱ ስም ከወጣ ቀጣዩ ሰው ሳል ይዞት ቤቱ ይደበቃል።

«ነርስ ሆነሽ መፍራት አትችይም»

ትችላለች። የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው ቅጂም፣ ነርስ የራሷን ጤናና ደኅንነት እንድትጠብቅ ይላል። ሕመምተኛን ጥሎ መጥፋትና «መከላከያ ሳታቀርቡ አስገብታችሁ አታስጨርሱኝ» ማለት አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን የሰማ ኃላፊ መልሱን ከመጋዘኑ ይጀምር።