«ሰኔና ሰኞ» ወሎ ላይ ሲነገር

አንድ ችግር ሳይለቀው ሌላው የተደረበበት ሰው «ሰኔና ሰኞ ገጠመብኝ» ይላል። አንዱን ብቻ ቢሆን ይችለው ነበር። ሁለቱ ሲገጥሙ ግን ወገብ ይቆርጣሉ።

አነጋገሩ የመጣው ከዘመን አቆጣጠራችን ነው። ሰኔ 1 ሰኞ ከዋለ ያ ዓመት ይከፋል የሚል የቆየ እምነት አለ። ይህ የሚሆነው እንቁጣጣሽ ሐሙስ በዋለበት ዓመት ነው፤ በ28 ዓመት ውስጥ 4 ጊዜ ይገጥማል። 2001፣ 2007፣ 2012 እና 2018 እንዲህ ያሉ ዓመታት ናቸው።

ሰኔ ለምን ተመረጠ? ጎተራ የሚራቆትበትና ያለው እህል ለዘር የሚወጣበት ወር ስለሆነ ይመስለኛል። ወሎ ላይ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለ። ጎጃም ሰኔ ላይ ክረምቱ ገብቷል። ከደሴ እስከ ቆቦ ባለው ምሥራቁ ወሎ ግን ሰኔ በሁለት ዝናብ መሀል ያለ ክፍተት ነው። በልጉ ከየካቲት እስከ ግንቦት ዘንቦ ያበቃል፤ ክረምቱ የምር የሚይዘው ሐምሌ ላይ ነው። የወሎ ገበሬ ሰኔን ሰማይ ሰማይ እያየ ነው የሚገፋው።

ይህ ጭንቀት ደጋና ቆላ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙው የወሎ ደጋ በልግ አብቃይ ነው። ክረምቱ እዚያ ብርድ ነው፣ ውርጭ ነው፤ ጥቁሩ አፈርም ውሃ ይተኛበታል። ስለዚህ ገብሱ በበልግ ይዘራና ሰኔና ሐምሌ ላይ ይታጨዳል። በልግ ከቀረ ደገኛው የዓመት ቀለቡን አጣ ማለት ነው። ቆላው፣ እነ ራያ ቆቦ፣ እነ ባቲ፣ ክረምቱን ይጠብቃል፤ ግን እሱም ከበልግ አይፋታም። ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ማሽላ በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ ካልተዘራ ለኅዳር አይደርስም። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዓባይ ወንዝ በተጠጋን ቁጥር ደግሞ በልጉ እየሳሳ ክረምቱ ብቻውን ይቀራል።

ከሁለቱ የማይታመነው በልግ ነው። አንድ ዓመት ይጥላል፣ ሌላ ዓመት ደብዛው ይጠፋል። የክረምቱ መጠን ከዓመት ዓመት ያን ያህል አይዋዥቅም። ክረምቱ ላይ ገበሬውን የሚጎዳው መዘግየቱና ነሐሴ ሳያልቅ መውጣቱ ነው።

እስቲ አነጋገሩን በወሎ ክፉ ዓመታት እንፈትነው። የ1977ቱን ረሃብ ያመጣው የ1976 ዝናብ ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ በልጉ ቀረ፣ ከዚያ ክረምቱ ከዳ። ሰኔ 1 ግን ዓርብ ነበር። በ1965 ወሎን የጨረሰው ረሃብ ደግሞ የ1964 ክረምት ካነሰ በኋላ የ1965 በልግም ቀርቶ የመጣ ነው። የ1964 ሰኔ 1 ሐሙስ፣ የ1965ቱ ዓርብ ዋለ። ሰኞ የለበትም።

በ2007 ግን ገጠመ፤ ሰኔ 1 ሰኞ ነበር፣ ድርቁም መጣ። በልጉ ቀድሞ ቀርቶ ነበር፤ ክረምቱን ደግሞ ኤልኒኖ አሳጣው። ኤልኒኖ የሰላማዊ ውቅያኖስ ውሃ ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚመጣ ነው፤ በየ2 እስከ 7 ዓመቱ ስለሚመላለስ አንዳንዴ ከሰኞ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። 2012ም ሰኞ ነበር፤ ክረምቱ ግን አገሩን በዝናብ አጥለቀለቀው።

አነጋገሩን ግን አልጥለውም። ክፉ የሚሆነው የሁለት ነገሮች መግጠም ነው የሚለው ሐሳብ ለወሎ ልክ ነው። የሚገጥሙት በልግና ክረምት ናቸው እንጂ ሰኔና ሰኞ አይደሉም። ስለዚህ ዓመቱ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሰኔን መጠበቅ የለበትም፤ ሚያዝያን ይይ። የቆላው ገበሬ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ግንቦት አልቆ ማሽላው ካልተዘራ ሰኔ 1 በየትኛውም ቀን ይዋል፣ እሱ ለሐምሌ የሚሆን የጤፍ ዘር ፍለጋ ወጥቷል።