ማይክ ማርቲን፦ አርባ ዓመት በአንድ ሜዳ

ማይክ ማርቲን የአሜሪካ የኮሌጅ ቤዝቦል አሰልጣኝ ነበሩ። ከ1980 እስከ 2019 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቡድን መሩ። 2,029 ጨዋታ አሸነፉ፤ 736 ተሸነፉ፤ 4 አቻ ወጡ። በኮሌጆች ከፍተኛ እርከን ይህን ያህል ያሸነፈ ሌላ የቤዝቦል አሰልጣኝ የለም። ያም ሆኖ የአገሪቱን ዋንጫ አንድም ጊዜ አላነሱም። ሰው ስለ ማርቲን ሲያወራ ቀድሞ የሚያነሳው ይህንን ነው። እኔ ግን የሙያቸው ክብደት ያለው ሌላ ቦታ ይመስለኛል።

የተወለዱት በ1944 ኖርዝ ካሮላይና፣ ሻርሎት ከተማ ነው። ዊንጌት በሚባል ትንሽ ኮሌጅ ከተጫወቱ በኋላ ወደ ፍሎሪዳ ስቴት ተዛወሩ። በ1965 ከቡድኑ ጋር የአገሪቱ ዋንጫ የመጨረሻ ውድድር ወደሚካሄድበት ከተማ፣ ኦማሃ ደረሱ። ቀጥሎ በታችኞቹ የፕሮፌሽናል ሊጎች ሞከሩ፤ ከሁሉ በላይ የሆነው ሜጀር ሊግ ግን አልገቡም። የሚገርመው፣ አሰልጣኝነትን የጀመሩት የፍሎሪዳ ስቴት መቀመጫ በሆነችው ታላሃሲ ከተማ በሚገኝ ሌላ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ በማሰልጠን ነው። በኋላ ወደ ድሮ ቡድናቸው በረዳትነት ተመለሱ። ዋና አሰልጣኙ ዲክ ሃውሰር የሜጀር ሊጉን ክለብ ኒውዮርክ ያንኪስን ሊመሩ ሲሄዱ ቦታው ለማርቲን ደረሰ። ከዚያ በኋላ የትም አልሄዱም። የመለያ ቁጥራቸው 11 ስለነበር ብዙዎች በቁጥሩ ብቻ “ኢለቨን” እያሉ ይጠሯቸው ነበር።

እግር ኳስ ለለመደ ሰው 2,029 ድል የማይታመን ይመስላል። የኮሌጅ ቤዝቦል ግን ጨዋታው ብዙ ነው። ከየካቲት አጋማሽ እስከ ግንቦት ድረስ አንድ ቡድን እስከ 56 መደበኛ ጨዋታ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ አርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ሦስቴ የሚገጥመው ያንኑ ተጋጣሚ ነው። እንዲያም ሆኖ የማርቲን ቁጥር ሲካፈል በዓመት ከ50 ድል በላይ ይደርሳል። ከ40 የውድድር ዘመን በአንዱም እንኳ ከ40 ድል በታች አልወረዱም።

የሥራው ከባዱ ክፍል ሜዳው ላይ አይደለም። ልጅ ማግኘት ነው። በእሳቸው ዘመን አብዛኛውን ጊዜ አንድ የቤዝቦል ቡድን መስጠት የሚችለው 11.7 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። ያ ለ27 ተጫዋቾች ያህል ይሸነሸን ነበር። ስለዚህ አሰልጣኙ የልጁ ቤት ሄዶ ወላጆቹ ፊት ይቀመጥና ግማሽ፣ አንዳንዴም ሩብ ክፍያ ይዞ ያግባባ ነበር። ቀሪውን ቤተሰብ ይከፍል ነበር።

ተስማሙ እንበል። ያኔም ነገሩ አላለቀም። ልጁ ሁለተኛ ደረጃ እንደጨረሰ የሜጀር ሊግ ክለቦች በድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) ሊመርጡት ይችላሉ። ረብጣ ዶላር ካሳዩት ኮሌጁን ትቶ ይሄዳል፤ አሰልጣኙም ባዶ እጁን ይቀራል። ኮሌጅ ከገባ ደግሞ በሕጉ መሠረት ሦስተኛ ዓመቱን እስኪጨርስ ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ጎበዙ ልጅ ይወሰዳል። እንግዲህ የኮሌጅ አሰልጣኝ ቡድኑ እየበሰለ ሲመጣ ያጣዋል። በየሦስት ዓመቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። ማርቲን ይህንን ለ40 ዓመት አደረጉት፤ 40ውንም ዓመት ቡድናቸው ለብሔራዊው የጥሎ ማለፍ ውድድር በቅቷል። ለእኔ ከድሉ ብዛት ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ነው።

በእጃቸው ካለፉት አንዱ ዲዮን ሳንደርስ ነው። በኋላ በሜጀር ሊግም፣ በአሜሪካ ፉትቦል ከፍተኛ ሊግ በኤንኤፍኤልም ተጫውቷል። የአሰልጣኞቹን ዓይን በደንብ የሚያሳየው ግን የበስተር ፖዚ ታሪክ ነው። ፖዚ በ2006 ሲገባ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል የሚቆም ተከላካይ ነበር። በሁለተኛ ዓመቱ ከመቺው ጀርባ ተቀምጦ ኳስ እንዲቀበል ተደረገ። ይህ ቦታ የሜዳው አንጎል ነው፤ ለወርዋሪው ምን መወርወር እንዳለበት ምልክት የሚሰጠው እሱ ነው። በግንቦት 2008 ደግሞ በአንድ ጨዋታ ላይ ዘጠኙንም ቦታ በየተራ ተጫወተ። በዚያው ቀን ሦስቱም ቤዞች በቡድን ጓደኞቹ ተይዘው ሳለ ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር የሚያሻግር ምት) መታ። በዚያ ዓመት የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ በድራፍቱ አምስተኛ ሆኖ ተመረጠ። ከሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትስ ጋር ሦስት የዓለም ሻምፒዮና አነሳ።

አሁን ወደ ዋንጫው እንምጣ። ስምንቱ የመጨረሻ ቡድኖች በሰኔ የሚገናኙት ኔብራስካ ውስጥ፣ ኦማሃ ነው። ውድድሩ ከ1950 ጀምሮ እዚያው ይካሄዳል። ሁለቴ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ማርቲን በዋና አሰልጣኝነት 17 ጊዜ ኦማሃ ደረሱ። በ1986 ፍጻሜው ላይ በአሪዞና ተሸነፉ። በ1999 ደግሞ ለፍጻሜ ደርሰው በጎረቤታቸው ማያሚ 6 ለ 5 ተረቱ። አንድ ነጥብ ብቻ! በ2008፣ ፖዚ እያለ፣ ከስታንፎርድ ጋር 5 ለ 5 ሆነው ዘጠነኛውና የመጨረሻው ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ዙር) ገቡ። ስታንፎርድ በዚያ አንድ ኢኒንግ 11 ነጥብ አስቆጥሮ 16 ለ 5 አሸነፈ። እንዲህ ያለ ሽንፈት ያየ አሰልጣኝ በማግስቱ ስልክ አንስቶ የሚቀጥለውን ዓመት ልጅ መፈለግ አለበት። ማርቲንም ይህንኑ አደረጉ። በ2010 ተመልሰው ኦማሃ ነበሩ፤ በ2012ም እንደዚሁ።

በግንቦት 2018 የሌላውን የኮሌጅ አሰልጣኝ የኦጊ ጋሪዶን የ1,975 ድል ሪከርድ አለፉ። በመጋቢት 2019 ቨርጂኒያ ቴክን አሸንፈው 2,000 ሞሉ። ያ የመጨረሻ ዓመታቸው እንደሚሆን አስቀድመው ተናግረው ነበር፤ ቡድኑ ግን ደካማ ነበር። ለጥሎ ማለፉ የተመረጠው በጭንቅ ነው። እንደገባ ግን ሌላ ቡድን ሆነ። ጆርጂያ ላይ ምድቡን አሸነፈ። ቀጥሎ ሉዊዚያና ሄዶ ኤልኤስዩን (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቡድን) በገዛ ሜዳው አሸነፈ። ኦማሃ ላይ አርካንሳስን 1 ለ 0 ረታ፤ ከዚያ በሚሺጋንና በቴክሳስ ቴክ ተሸንፎ ወጣ። ማርቲን በ75 ዓመታቸው ሥራቸውን የጨረሱት እዚያው፣ በ1965 በተጫዋችነት በደረሱበት ከተማ ነው።

ቦታውን የተረከበው ልጃቸው ማይክ ማርቲን ጁኒየር ነው፤ ሦስት የውድድር ዘመን መራ። ቀጥሎ የመጣው ሊንክ ጃሬትም በማርቲን ሥር የተጫወተ ልጅ ነው። በ2023 ቡድኑ ከ1977 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጥሎ ማለፉ ውጭ ሆነ። ማርቲን ራሳቸው በአእምሮ መሳት በሽታ ሲሰቃዩ ቆይተው በየካቲት 1 ቀን 2024 በ79 ዓመታቸው አረፉ። የታላሃሲው ስታዲየም በሃውሰር ስም ይጠራል፤ ሜዳው በማርቲን ስም። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ እሳቸው ካረፉ አምስት ወር ሳይሞላ፣ የጃሬት ቡድን ኦማሃ ገባ።